የአጎቴ ፎኒክስ፣ ባጃጁና አራት ኪሎ ሜትር ተኩል፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ ከጅማ

የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ የምጀምረው ሥራ በአጭሩ ይህ ነው፦ ከጅሬን ዳገት ሥር ካለው ቤቴ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ እስከሚገኘው መሥሪያ ቤቴ ድረስ ያለውን አራት ኪሎ ሜትር ተኩል እስከ ሰኔ ወር ማብቂያ ድረስ መኪናዬን ሳላስነሣ፣ በብስክሌት ወይም ከሌላ ሰው ጋር በምጋራው ትራንስፖርት ብቻ ልመላለስበት ነው። ከሥራ ውጪ ያለውን ጉዞ በዚህ ደንብ ውስጥ አላስገባሁም፤ እናቴን ወደ ሕክምና ስወስድና ሩቅ አገር ስሄድ መኪናው ይወጣል። ደንቡን ያጠበብሁት ሆን ብዬ ነው። ሁሉን በአንድ ቀን እተዋለሁ ብሎ የተነሣ ሰው በሳምንቱ ወደ ነበረበት ሲመለስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ከእነዚያ ሰዎች አንዱም እኔ ነበርሁ።

ለዚህ ያነሣሣኝ በመጀመሪያ ደረጃ ኪሴ መሆኑን መደበቅ አልፈልግም። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሣት ከጀመረ ወዲህ የማደያው ሒሳብ በየጊዜው ሲጨምር ቆይቷል፤ በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በመወሰኑ ያለችኝ አሮጌ ቪትዝ በቀላሉ የማልተካት ንብረት ሆነችብኝ። በዚህ ላይ አጭር መንገድ ለመኪና መልካም አይደለም። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ከሚገባው በላይ ነዳጅ ይወስዳል፣ ዘይቱም እስኪሞቅ ድረስ ብረትን ከብረት በሚገባ አይጠብቅም፤ እኔ ደግሞ ሞተሩ ሞቀ ስል መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ደርሼ አጠፋዋለሁ። ማታም እንደዚያው ነው። መኪናዬን የገደልኋት በሩቅ ጉዞ ሳይሆን በየቀኑ በማደርገው በዚህ አጭር ምልልስ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

የካቲት 5

ብስክሌቱን ከእናቴ ቤት የቡና መጋዘን ጣሪያ ላይ አወረድሁት። አጎቴ በደርግ ዘመን በመምህርነት ሲያገለግል ይነዳው የነበረ የቻይና ፎኒክስ ሲሆን፣ ባለ 28 ኢንች ጎማ፣ ከባድና ረጅም ነው። ፍሬኑ በሽቦ ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚሳብ ነው። አቧራውን ስጠርግ የፊቱ ጎማ 32፣ የኋላው 40 ሽቦዎች እንዳሉት ቆጠርሁ፤ ከኋለኞቹ ስድስቱ ተበጥሰዋል። ካላማዳሪዎቹ ደርቀው ሲታጠፉ ይሰበራሉ፤ ሰንሰለቱ ዝጎ ዱላ ሆኗል፤ የኮርቻው ቆዳ ግን፣ ምክንያቱን አላውቅም፣ ምንም አልሆነም። ምናልባት ለዓመታት የቡና ገለባ አቧራ ስለለበሰ ይሆን ብዬ ገረመኝ።

የሚተካውን ዕቃ ዝርዝር ስጽፍ ያስተዋልሁት ነገር አለ፤ ጎማ፣ ካላማዳሪ፣ ቸርኬ፣ ፍሬን፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ የምንላቸው ቃላት ሁሉ፣ ብስክሌት የሚለውን ራሱን ጨምሮ፣ ከጣሊያንኛ የወረስናቸው ናቸው። ወራሪው አምስት ዓመት ቆይቶ ሲባረር መሣሪያውና የመሣሪያው ስም ከጎሚስታዎቻችን ዘንድ ቀርቷል።

የካቲት 8

በጅማው መርካቶ ውስጥ ከምንጣፍ ተራው ጀርባ ብስክሌት የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ሁሉም «አባባ» ይላቸዋል። ፎኒክሱን ሲያዩ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ተነሡና ቸርኬውን በጣታቸው እያሽከረከሩ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«ልጄ፣ ይህን ለጌጥ ነው ወይስ ልትነዳው?»

«ልነዳው ነው አባባ። ወደ ሥራ።»

«መኪና የለህም?»

«አለኝ።»

ይህን ስላቸው ቀና ብለው አዩኝ፤ ተጨማሪ ጥያቄ ግን አልጠየቁኝም። ሥራውን እኔ ራሴ እንድሠራ፣ እርሳቸው እንዲያሳዩኝ ተስማማን፤ የሙያ ክፍያቸውን እንደ ማንኛውም ጥገና ሊቀበሉ፣ እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ልመጣ።

የመጀመሪያው ቀን በአንድ ስሕተት አለፈ። የግራውን ፔዳል ለመፍታት እንደማንኛውም ዳዶ ወደ ግራ ሳዞር ይበልጥ እየጠበቀ ሄደ፤ ኃይል ስጨምር ቁልፉ አምልጦ የእጄን አንጓ ላጠው። አባባ ሳቃቸውን ውጠው የግራ ፔዳል ጥርስ የተገላቢጦሽ የተቀረጸ መሆኑን አስረዱኝ። በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ጥርስ ቢኖረው፣ እግር በሚረግጠው ክብደት የተነሣ የፔዳሉ ዘንግ በቀዳዳው ውስጥ ጥቂት በጥቂት እየተንከባለለ የግራው በራሱ ጊዜ ይፈታ ነበር፤ ስለዚህ የግራው ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ይፈታል። ይህን የሚያውቅ ሰው በሁለት ደቂቃ የሚጨርሰውን እኔ በአንድ ሰዓትና በአንድ ቁስል ጨረስሁት።

ከዚያ በኋላ የጎማዎቹን መሐል ፈታን። የፊቱ በእያንዳንዱ ወገን አሥር፣ የኋላው ዘጠኝ የኩሽኔታ ኳሶች ይይዛል፤ የኋላዎቹ በመጠን ይበልጣሉ፤ ሸክሙ የሚያርፍባቸው እነርሱ ናቸውና። ግራሶው ደርቆ ሰም መስሏል። ኳሶቹን በነዳጅ አጥበን ወደ ብርሃን ስናነሣቸው ከሠላሳ ስምንቱ አብዛኞቹ ጉድጓድ አውጥተው ስለነበር ሁሉንም ለመቀየር ወሰንን፤ አሮጌና አዲስ ኳስ ከተደባለቀ ትልቁ ብቻውን ሸክም ተሸክሞ ቶሎ ይሰነጠቃል ይላሉ አባባ።

የካቲት 17

ዕቃ ፍለጋው ከጥገናው በለጠ። አሁን ገበያው የባለ 26 ኢንቹ ማውንቴን ነው፤ የ28 ጎማ በጅማ ሱቆች አጣሁ። በመጨረሻ አንድ ነጋዴ ከአዲስ አበባ አስመጣልኝ፤ 350 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ተጭኖ የመጣ ጎማ ወደ ቤቴ የመጣው በባጃጅ ነው።

ጎማውን ስጠብቅ የዳገቱን ነገር አሰላሁ። ብስክሌቱ ማርሽ የለውም፤ የፊቱ ጥርስ 48፣ የኋላው 18 ነው። ጎማውን በጠመኔ ምልክት አድርጌ መሬት ላይ አንድ ዙር ሳንከባልለው 2 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር ሄደ። እንግዲህ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ብስክሌቱ ወደ 5.9 ሜትር ይራመዳል ማለት ነው። ይህ እንደ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ላለ ሜዳ ከተማ መልካም ነው፤ ወደ ጅሬን ለሚወጣ ሰው ግን ከአቅም በላይ ነው። የኋላውን ጥርስ በ22 ብንቀይረው እርምጃው ወደ 4.8 ሜትር ዝቅ ይላል፣ እግር የሚጠየቀውም ኃይል ከአምስት አንድ በሚጠጋ መጠን ይቀንሳል። በሜዳ ላይ ፍጥነት አጣለሁ፤ አጎቴ ግን በሕይወት ቢኖር ኖሮ የእኔን ልብ እንጂ ፍጥነቴን አያይም ነበር። ባለ 22ቱን አስገባን። ሰንሰለቱም ሁለት ዓይን ተጨመረለት።

የካቲት 24፣ ሰኞ

የመጀመሪያው ቀን። ከቤት የወጣሁት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው፤ መሥሪያ ቤት የደረስሁት አንድ ሰዓት ከሠላሳ ሦስት። አሥራ ስምንት ደቂቃ። በመኪና የሚፈጅብኝ አሥራ ሁለት ቢሆንም ማቆሚያ ፍለጋው ሲታከልበት አሥራ አምስት ይደርሳል፤ ስለዚህ በመሄድ ረገድ የተለያየነው በሦስት ደቂቃ ነው። መመለሱ ሌላ ነገር ነው፤ ሠላሳ አንድ ደቂቃ ፈጀብኝ፤ የመጨረሻውን ስድስት መቶ ሜትር ያህል ወርጄ ገፋሁ።

ጠዋት መንገዱ ቁልቁለት በመሆኑ ላብ አልነካኝም። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,780 ሜትር ላይ ስለተቀመጠ የጠዋቱ አየር ራሱ ማራገቢያ ነው። የአዌቱን ወንዝ ከተሻገርሁ በኋላ በኮሪደር ልማቱ ከተሠራው መንገድ ጎን ባለው የብስክሌት መስመር ገባሁ፤ ለጥቂት ጊዜ ማንም ሳይነካኝ ሄድሁ፤ ቀጥሎ የቆመ ባጃጅ፣ ቀጥሎ የተደረደረ የሽንኩርት ጆንያ፣ ቀጥሎ አንድ ሰው ወንበር አውጥቶ ጫማ የሚያስጠርግበት ቦታ። መስመሩ ለብስክሌት የተቀባ ቢሆንም ብስክሌት ስለማይሄድበት ከተማው በባዶ ቦታ የሚያደርገውን አድርጎበታል። አልተቆጣሁም። ባዶ መስመር የሚጠበቀው በቀለም ሳይሆን በተጠቃሚ ብዛት ነው፤ እኔ ደግሞ በዚያ ሰዓት ብቻዬን ነበርሁ።

ከባዱ ነገር የሰው ጥያቄ ነበር። ከበር እስከ ወንበሬ ድረስ አራት ባልደረቦቼ «መኪናዋን ሸጥሃት እንዴ?» አሉኝ፤ አንዷ ደግሞ በዝግታ ወደ ጠረጴዛዬ መጥታ «ወንድሜ፣ የቸገረ ነገር ካለ ንገረኝ» አለችኝ። ይህን የተናገረችው ከልቧ ስለነበር አመሰገንኋት። በእኛ ዘንድ መኪና ማቆም እንደ መውደቅ ይታያል፤ ብስክሌት ደግሞ የልጅ ወይም የተላላኪ ነው። ነገሩ ለዚህች ከተማ እንግዳ መሆኑ ግን ያስቀኛል። ከእ.ኤ.አ. 1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር የሚጠሩበት ስም የፈረስ ስም ነው፤ የፈረሳቸው ባለቤት ማለት ነው። በዚህ አገር ትልቅ ሰው የሚጠራው በሚጋልበው ነበር። ቅዳሜ ይህን ለአባባ ሳነሣላቸው «እንዲያ ከሆነ አንተም አባ ፎኒክስ ልትባል ነዋ!» ብለው ጾም ላይ ሳሉ እስኪያስላቸው ሳቁ።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

በዕቅዴ መሠረት በሳምንት ሁለት ቀን የጋራ ትራንስፖርት እጠቀማለሁ፤ ዛሬ የባጃጅ ቀኔ ነው። ሐሙስ የሂርማታ ገበያ ቀን በመሆኑ ከየወረዳው የገባው ሰው ከተማውን ሞልቶታል። ባጃጅ «ኮንትራት» ከሆነ ብቻዬን ይወስደኛል፤ «በሰው» ከሆነ ግን ከኋላ ሦስት ሆነን መሥመራችንን ይዘን እንሄዳለን፣ «ወራጅ» ስንልም እንወርዳለን። እኔ የመረጥሁት ሁለተኛውን ነው፤ ኮንትራት የያዘ ሰው በሌላ ሰው መሪ የራሱን መኪና እንደሚነዳ ነውና።

ጎኔ የተቀመጡ እናት የቅቤ ቅል አቅፈው ነበር፤ በየጉድጓዱ «ቀስ በል ልጄ» ይላሉ። አሽከርካሪው ወጣት ነው። ለምን በየመካከሉ ድንገት እንደሚቆም ጠየቅሁት፤ ይህ ጥያቄ ለእኔ የሕይወት ጉዳይ ነው፤ በብስክሌት ሳለሁ ከሁሉ የምፈራው ከፊቴ ያለ ባጃጅ ምልክት ሳያሳይ ወደ ዳር ሲጠመዝዝ ነው።

«ጋሼ፣ ሰው የሚቆመው ቦታ ላይ ነው የምቆመው። እኔ ካልቆምሁ ኋላዬ ያለው ይቆማል፤ ሰውዬውን ይወስድብኛል። ተራ ቢኖርና ሰው እዚያ ቢጠብቅ እኔስ ምን አስጠመዘዘኝ?»

ትክክል ነው። ችግሩ የሹፌሩ ጠባይ ከመሆኑ በፊት የመሳፈሪያ ቦታ እጦት ነው። ሰው በፈለገበት የሚሳፈር ከሆነ ባጃጁም በፈለገበት ይቆማል፤ ብስክሌተኛውም በሁለቱ መካከል ይጣበቃል።

ማታ ሜትር ይዤ ወጣሁ። የጎረቤቴ ባጃጅ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ63፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ30 ነው፤ ወደ 3.4 ካሬ ሜትር መሬት ይይዛል። ቪትዟ 3 ሜትር ከ61 በ1 ሜትር ከ66 ናት፤ ስድስት ካሬ ሜትር። ፎኒክሱ ከመሪው ጋር 1 ሜትር ከ90 በ60 ሴንቲ ሜትር፤ ከ1.1 ካሬ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። አሁን በተሳፋሪ እናካፍለው። ሦስት ሰው የያዘ ባጃጅ ለአንዱ ተሳፋሪ 1.1 ካሬ ሜትር መንገድ ይወስዳል፤ በብስክሌት የሚሄድ ሰው ከሚወስደው ጋር እኩል ማለት ነው። እኔ ብቻዬን በቪትዝ ስሄድ የምወስደው ግን ስድስት ነው። አዲስ አበባ ላይ የምናውቀው አሥራ ሁለት ሜትር አውቶቡስ ስድሳ ሰው ቢይዝ ደግሞ ለአንዱ ግማሽ ካሬ ሜትር ብቻ ይደርሳል። እስከ ዛሬ ድረስ «መንገዱን ያጨናነቀው ባጃጅ ነው» ከሚሉት አንዱ ነበርሁ፤ ሜትሩ ግን ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

ይህን ስሌት ቢሮ ሳነሣ አንድ ባልደረባዬ «ታዲያ መንግሥት ለጅማም ቀላል ባቡር ያምጣልን» አለ። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ሲከፈት ሁለት መስመር፣ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው፤ ከዚያ ወዲህም ቢሆን የመዲናዋን ሕዝብ በብዛት የሚያመላልሱት አውቶቡሶችና ሚኒባሶች ናቸው። የብራዚሏ ኩሪቲባ እ.ኤ.አ. በ1974 የጀመረችው መንገድ ለእኛ ይበልጥ ቅርብ ይመስለኛል፤ ከተማዋ ባቡር ከመዘርጋት ይልቅ ለአውቶቡስ የራሱን መስመር ለየችለትና መኪና እንዳይገባበት አደረገች። ያ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2000 የኮሎምቢያዋ ቦጎታ ደርሶ ብዙ ከተሞች ቀድተውታል። የጉዳዩ ቁልፍ ተሽከርካሪው ሳይሆን መስመሩ ነው። በእኛ ልክ ሲታሰብ ደግሞ ሁለት መስመር ላይ የሚመላለስ ሰዓቱን የሚያከብር ሚኒባስና በየአራት መቶ ሜትሩ አንድ ጥላ ያለው መሳፈሪያ ቢኖር ብዙ ነገር ይለወጥ ነበር። ባልደረባዬ ግን ባቡሩን አልተወም።

መጋቢት 27፣ ቅዳሜ

ሦስት ሳምንት ያለ ማስታወሻ አለፈ፤ ምክንያቱ የብስክሌቱ ማሠሪያ ነው። ከጅምሩ ጀምሮ ፎኒክሱን የማቆመው የጥበቃው ቤት ግድግዳ ላይ አስደግፌ ነበር፤ ሁለት ጊዜ በነፋስ ወድቆ መሪው ተጣመመ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ ሰው ከመንገዱ ሊያነሣው ብሎ የፊቱን ፓራፋንጎ አጠመዘዘው። በመኪና የሚመጣ ሰው ማቆሚያ እንዳለው እያወቀ ይመጣል። ብስክሌተኛ ግን ከደረሰ በኋላ ነው ችግሩ የሚጀምረው። ሁለት ወጣት ባልደረቦቼ ብስክሌት እያላቸው የማያመጡት በዚህ ምክንያት እንደሆነ ነገሩኝ፤ ዳገቱን አንዳቸውም አላነሡም።

ስለዚህ ለመሥሪያ ቤቱ የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ ጥያቄ አቀረብሁ፦ የብስክሌት ማሠሪያ የምተክልበት አንድ የመኪና ማቆሚያ ቦታ ይሰጠኝ፣ ወጪውን እኔ እችላለሁ። ኃላፊው ትሑት ሰው ነው፤ ነገር ግን «የማንን ቦታ ልንሣ?» አለኝ። «የእኔን» አልሁት። ይህን መልስ አልጠበቀም ነበር። ለማጠናከሪያ እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 እንዲያገለግል የወጣው አገር አቀፍ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ለእግረኛና ለብስክሌት ቅድሚያ እንዲሰጥ እንደሚል ጠቅሼ ነበር፤ ፈቃዱን ያስገኘልኝ ግን ስትራቴጂው ሳይሆን ቦታው የእኔ መሆኑ ነው።

አንድ የመኪና ማቆሚያ 2 ሜትር ተኩል በ5 ሜትር ነው። በዚያ ላይ አምስት የቧንቧ ቅስቶችን በ90 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ብተክል በእያንዳንዱ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ብስክሌት ይቆማል፤ አሥር ብስክሌት በአንድ መኪና ቦታ። ብዙ ሰው የሚያውቀው የማቆሚያ ዓይነት የፊት ጎማን ብቻ የሚነክሰው ነው፤ እርሱን አልመረጥሁም፤ ብስክሌቱ ሲገፋ ሸክሙ ሁሉ በጎማው ሽቦዎች ላይ ስለሚወድቅ ቸርኬው ይጣመማል፣ ለሌባም ጎማውን ትቶ አካሉን መውሰድ ይቀለዋል። ቅስቱ ግን የብስክሌቱን አካል በሁለት ቦታ ይደግፋል፣ ቁልፉም አካሉንና ጎማውን አንድ ላይ ይይዛል።

ብየዳው ሁለት ቅዳሜ ፈጀ። የመጀመሪያው ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ ስንጠብቅ ዋልን። በሁለተኛው ደግሞ አንደኛው ቅስት ከመሬት በላይ 55 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ተበየደ፤ ልኩ 75 ነበር፤ ከመሬት በታች የሚገባውን 20 ሴንቲ ሜትር ከላይኛው ልክ ላይ የቀነስሁት እኔ ነኝ። በያጁ ልጅ ይህን ሲያይ «ጋሼ፣ ይቺ ለሕፃናት ትሁን» አለኝ፤ እኛም እንደዚያው ተከልናት። ኮንክሪቱ ሦስት ቀን በጆንያ ተሸፍኖ እየረጠበ ቆየ። ጥበቃው የማርጠቡን ሥራ ማንም ሳይነግረው ወሰደው።

ሚያዝያ 7

ወደቅሁ። ትናንት ከሰዓት በኋላ የጣለው ዝናብ መንገዱን አርጥቦት ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ወደ አዌቱ ድልድይ የሚወስደውን ቁልቁለት ስወርድ በካፊያ ውስጥ ነበርሁ። ከፊቴ ያለች ባጃጅ ስትቆም ሁለቱንም ፍሬን ጨመቅሁ፤ ምንም እንዳልጨመቅሁ ሆነ። ወደ ቀኝ ጠምዝዤ ቦይ ውስጥ ገባሁ። ጉልበቴ ተልጧል፣ ሱሪዬ ተቀዷል፤ ብስክሌቱ ላይ ከመሪው መጣመም ሌላ የደረሰ ነገር የለም። የባጃጇ ሹፌርና ሁለት ቡና ተሸካሚዎች ጎትተው አወጡኝ፤ አንዱ «እግዜር ያውጣህ፣ አላህ ያውጣህ» እያለ ለሁለቱም ወገን ዋስ አስያዘልኝ።

ከሰዓት በኋላ መኖሪያ ግቢያችን በር ላይ ሞከርሁት። በደረቅ መሬት ከተወሰነ ምልክት ላይ ፍሬን ስይዝ በስምንት እርምጃ ቆምሁ፤ ቸርኬውን ውኃ አርሰን ስንሞክር ሃያ ሁለት እርምጃ ሄድሁ። አባባ ምክንያቱን ያውቁት ነበር፤ የፎኒክስ ቸርኬ የክሮም ቅብ ያለው ብረት ነው፤ ሲረጥብ የጎማ ፍሬን ከብረቱ ጋር አይያያዝም፤ በውኃው ላይ ይንሸራተታል። የአሁኖቹ ብስክሌቶች የአሉሚኒየም ቸርኬ ስለሆነ ችግሩ በእነርሱ ላይ ያን ያህል አይደለም። በጅማ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ድረስ ስለማይለየን ይህ የአንድ ቀን ጉዳይ አይደለም።

መፍትሔው ቆዳ ሆነ። አባባ ከአሮጌ ቀበቶ ቀጭን ቆዳ ቆርጠው በፍሬኑ ጎማ ፊት ላይ በማጣበቂያ ለጠፉት፤ ቆዳ ውኃውን ስለሚመጥና ብረቱን ስለሚያደርቅ በእርጥብ ቸርኬ ላይ ከጎማ ይሻላል፤ ድሮ በፈረንጅ አገርም ለብረት ቸርኬ ይሠሩበት ነበር። ዳግም ስንሞክር አሥራ አራት እርምጃ። ከስምንት ጋር ባይተካከልም ከሃያ ሁለት ይሻላል። ከዛሬ ጀምሮ የቤቴ ደንብ ይህ ነው፦ ዝናብ ካለ በባጃጅ፤ መንገዱ ረጥቦ ሰማዩ ከጠራ በብስክሌት፣ ቁልቁለቱን ግን ገና ከላይ ጀምሬ ፍሬኑን በየጊዜው እየነካካሁ ቸርኬውን እያደረቅሁ።

ሚያዝያ 26፣ እሑድ

ሰርቦ ያለ ዘመድ ለመጠየቅ ሄድሁ። ወደዚያ በሚኒባስ፤ ፎኒክሱን ረዳቱ ፖርቶመጋላው ላይ ከሁለት ፍየልና ከአንድ ፍራሽ ጋር አሰረው፤ እንደ ጭነት አስከፈለኝ። መመለሱን በብስክሌት አደረግሁት። ከሚኒባስ ወርዶ የራስን ጎማ ይዞ ገጠር መግባት ያለውን ምቾት ያወቅሁት ዛሬ ነው፤ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ያለውን ሦስት ኪሎ ሜትር በሞተር ሳይክል አልተደራደርሁበትም።

ግንቦት 14

ከየካቲት 24 ጀምሮ ያለውን መዝገብ ደመርሁ። በሥራ ቀናት ውስጥ በብስክሌት የሄድሁት ሠላሳ አንድ ቀን፣ በባጃጅ ወይም በሚኒባስ ሃያ ሁለት ቀን፣ ደንቤን አፍርሼ በመኪና ሦስት ቀን፤ የቀሩት በዓላትና ሕመም ናቸው። ሦስቱም የመኪና ቀናት ጠዋት ዶፍ ሲዘንብና ባጃጅ ሲጠፋ የሆኑ ናቸው። ከዚህ ለራሴ የያዝሁት ነገር አለ፦ ብስክሌቱ ብቻውን መኪናዬን አላሸነፈም፤ ባጃጁም ብቻውን። አንዱ በማይችልበት ቀን ሌላው ስለተረከበ ነው። ሁለቱን እንደ ባላንጣ የሚያይ ሰው በሁለቱም ያዝናል።

ልጄ ብስክሌቱን መማር ፈልጋለች። የፎኒክሱ አግድም ብረት ግን በቀሚስ አያስወጣም፤ ለእርሷ ዝቅ ያለ ብረት ያለው «የሴት» የሚባለውን ለመፈለግ ተስማምተናል። እናቷ «መንገዱ ላይ ሰው ምን ይላታል?» ብላ ጠየቀች። ሰው ምን እንደሚል እኔ ሦስት ወር ሙሉ ሰምቼዋለሁ፤ ለሴት ልጅ የሚባለው ግን ከእኔው የከፋ እንደሚሆን ስለማውቅ ነገሩን አላቃለልሁትም። ለጊዜው እሑድ ጠዋት፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን፣ አብረን እንወጣለን።

ሰኔ 3

ቪትዟን እናቴን ለመውሰድ ሳስነሣ ባትሪዋ ወርዶ አገኘሁት። ጎረቤቶች ገፍተው አስነሡልኝ። ከእንግዲህ በየሳምንቱ ለሩብ ሰዓት ላስነሣት ወስኛለሁ። ለማትሄድ መኪና ነዳጅ ማቃጠል ያናድዳል፤ አማራጩ ግን መሸጥ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ገና አልደረስሁም።

ማቆሚያው ላይ አሁን በመደበኛነት አራት ብስክሌቶች ይቆማሉ። አንደኛው የኃላፊው ልጅ ነው፤ ቁመቱ ያጠረችውን ቅስት የሚጠቀመው እርሱ ነው።

ሰኔ 19፣ ሐሙስ

ጠዋት ስደርስ በር ዳር ባለው ቅስት ላይ አንድ ቡላ ፈረስ ታስሮ አገኘሁ። ባለቤቱ ለሐሙስ ገበያ ከዳር የመጡ ገበሬ ናቸው፤ የሚያስሩበት ግንድ ስላጡ ጥበቃውን ለምነው አስረውታል። ሲያዩኝ ሊፈቱት ተነሡ።

«ይቀመጥ አባቴ፣ ቦታ አለ» አልኋቸው። ስሙን ስጠይቃቸው «ቦራ» አሉኝ። ፎኒክሱን በሦስተኛው ቅስት አሠርሁ።

ማታ ፈረሱ ከሄደ በኋላ ቅስቱን ስነካው ተነቃንቋል፤ ሃያ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ለብስክሌት ቢበቃ ለፈረስ አልበቃም። የፊታችን ቅዳሜ እርሱን ብቻ ነቅለን አርባ ሴንቲ ሜትር ቆፍረን እንደገና እንተክለዋለን፤ የአንድ ጆንያ ሲሚንቶ ሩብ፣ ሁለት ባልዲ ጠጠርና የበያጁ ግማሽ ቀን ያስፈልጋል።